አስም ያለበት ሰው ሲያንኮራፋ ነገሩ ሌላ ነው እንዴ? የዊስኮንሲኑን ጥናት ያየ አለ?

የማታ_ሾፌር
ሰላም ቤተሰብ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። አስም አለብኝ፣ ከ7 አመቴ ጀምሮ። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፣ ክረምት ላይ እዛ አስም ይዞ ማደር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አሁን 43 ሞላኝ፣ ዴንቨር ነኝ፣ የጭነት መኪና ነው የምነዳው። ሚስቴ ከአመት በላይ የምትነግረኝ ነገር አለ፣ "ታንኮራፋለህ፣ ከዛ ጭጭ ትላለህ፣ እኔ እየቆጠርኩ እጠብቃለሁ፣ ከዛ ውሃ ውስጥ እንደነበረ ሰው ጓ ብለህ ትነሳለህ" ትለኛለች። እኔ በቃ አስሜ ነው ብዬ ቬንቶሊኔን ሁለቴ ስቤ መልሼ እተኛለሁ። እናቴ በስልክ ስትሰማ "ዱካክ ነው ልጄ፣ ጸሎት መጽሐፍ ትራስህ ስር አርግ" አለችኝ። አረግኩ። ዱካኩን አላውቅም ማንኮራፋቱ ግን ቀጠለ።

ባለፈው ሳምንት የሳንባ ሀኪሜ ጋ ስሄድ ገና ስቀመጥ "ታንኮራፋለህ ወይ፣ ቀን እንቅልፍ ይጥልሃል ወይ" አለኝ። ለአስም መጥቼ ይሄ ምን አገናኘው ስለው ስለ አንድ ጥናት ነገረኝና ቤት ገብቼ ፈልጌ አነበብኩት። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ማዲሰን የሚባለው ከተማ፣ ዋናዋ ተመራማሪ ዶክተር ሚሃኤላ ቴዎዶረስኩ ትባላለች፣ ጃማ የሚባል የህክምና መጽሔት ላይ የወጣው በፈረንጅ ጃንዋሪ 2015 ነው፣ በኛ ጥር 2007 መሆኑ ነው። አሰራሩ ነው የገረመኝ። እዛ ግዛት በፈረንጅ ከ1988 ጀምሮ የመንግስት ሰራተኞችን መልምለው በየ4 አመቱ አንድ ሌሊት ላቦራቶሪ ውስጥ ያስተኟቸዋል፣ ራሳቸው ላይ ደረታቸው ላይ እግራቸው ላይ ሽቦ ለጥፈው ትንፋሹንም ኦክስጅኑንም እየመዘገቡ ያድራሉ። ልብ በሉ ያመማቸው ሰዎች አይደሉም፣ ዝም ብሎ የቢሮ ሰራተኛ ነው። ቴዎዶረስኩና ባልደረቦቿ ከዛ ውስጥ መጀመሪያ ላይ አፕኒያ (ሰው ተኝቶ እያለ ትንፋሹ ደጋግሞ የሚቋረጥበት ችግር) የሌለባቸውን 547 ሰዎች ወሰዱ፣ 81ዱ አስም ነበራቸው፣ 466ቱ የላቸውም። 4 አመት ቆይተው ሲለኩ ከአስመኞቹ 22ቱ አዲስ ስሊፕ አፕኒያ ይዟቸዋል፣ 27 ፐርሰንት ማለት ነው። አስም ከሌለባቸው 75ቱ፣ 16 ፐርሰንት።

ከዛ ደግሞ ያስደነገጠኝ፣ አስሙ በልጅነት የጀመራቸው ሰዎች አስም ከሌለው ሰው ጋ ሲተያዩ አደጋው 2.34 እጥፍ ነው ይላል። አስሙ በቆየ ቁጥርም አደጋው ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ይሄዳል። እኔ 36 አመት ይዤዋለሁ። ስለኔ ነው እንዴ የጻፉት አልኩ።

ሁለቱም ያለባችሁ ሰዎች ካላችሁ አውሩኝ። ሀኪሙ ቤት የሚለበስ የእንቅልፍ ምርመራ አዞልኛል ግን የመንጃ ፈቃዴን ነገር ፈራሁ፣ እውነቴን ነው እስካሁን ስሸሽ የነበረው በሱ ነው።

ሲር_ሲር
ኪኪኪ "ጓ ብለህ ትነሳለህ" ባሌን ነው የገለጽከው። እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም፣ አስምኮ የሳንባ ነው፣ ማንኮራፋት የጉሮሮ ነው። ምን አገናኛቸው?

የሌሊት_ቴክኒሻን
ወንድሜ የማታ ሾፌር እንኳን ጻፍከው። እኔ ሜሪላንድ የእንቅልፍ መመርመሪያ ላቦራቶሪ (ስሊፕ ላብ) ውስጥ ነው የምሰራው፣ ሰው ተኝቶ እኔ ስክሪን ላይ ትንፋሹን ስቆጥር ነው የማድረው። ሚስትህ ያለችህን ነገር እኛ ስክሪን ላይ በየቀኑ እናየዋለን፣ የትንፋሹ መስመር ይተኛል፣ ደረትና ሆድ ግን ይታገላሉ፣ አየር ለመሳብ እየሞከሩ ነው ግን ጉሮሮ ተዘግቷል። ከ10 ሰከንድ በላይ ከቆየ አንድ ብለን እንቆጥራለን። በሰአት ከ5 በታች ከሆነ ምንም አይደለም፣ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ። በሰአት 60 ያለው ሰው አስቡት፣ በየደቂቃው አንዴ ማለት ነውኮ፣ ጠዋት ደግሞ "ጥሩ ነው የተኛሁት" ብሎኝ ይሄዳል።

ሲር ሲር እህቴ ለጥያቄሽ፣ ሁለቱ አንድ ቧንቧ ናቸው። ከአፍንጫ ይጀምራል ሳንባ ላይ ያልቃል። አስም ያለበት ሰው ብዙ ግዜ አፍንጫውም አለርጂ አለው፣ አፍንጫ ሲታፈን ደግሞ በጠባብ ስትሮው ጁስ እንደመሳብ ነው፣ በሀይል ስትስቢ ስትሮው ይጣበቃል አይደል? ጉሮሮም እንደዛ ነው። ሌላው፣ ሳንባ አየር ሲሞላ ጉሮሮን ወደ ታች ወጥሮ ይይዘዋል፣ እንደ ድንኳን ገመድ በይው፣ ስንተኛ የሳንባው አየር ሲቀንስ ገመዱ ይላላል። አስመኛ ላይ ይሄ ይብሳል። እንቅልፍ ራሱ ሲቆራረጥ ደግሞ ጉሮሮ የበለጠ ተጣፊ ይሆናል።

በተቃራኒው በኩልም ይሄዳል። ጉሮሮ ተዘግቶ ደረት ሲታገል የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ይሳባል፣ ማታ ቃር የሚሉት፣ ያ አሲድ አስምን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ማን ማንን እንደጀመረው ከታካሚው አይታወቅም፣ ለዛ ነው ይሄ ጥናት ዋጋ ያለው፣ መጀመሪያ አፕኒያ የሌለበትን ሰው ይዘው ነው የተከተሉት።

ዳታ_በላተኛ
እኔ ደግሞ የተለመደ ስራዬን ልስራ፣ ማለትም ማበላሸት 😀 ጥናቱን አውቀዋለሁ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ቁጥሩን በልኩ እንያዘው። 27ን ለ16 ብታካፍሉ ወደ 1.7 ይመጣል አይደል? ተመራማሪዎቹ ግን እድሜን፣ ጾታን፣ ክብደትን፣ በ4 አመቱ ውስጥ የተጨመረውን ክብደት ጭምር አስልተው ሲያወጡት 1.39 ነው የቀረው። በሌላ አነጋገር ከታየው ልዩነት የተወሰነው አስሙ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው። የእርግጠኝነቱ ክልል (እውነተኛው ቁጥር ሊያርፍበት የሚችለው) ደግሞ ከ1.06 እስከ 1.82፣ የታችኛው ጫፍ 1ን፣ ማለትም "ልዩነት የለም" የሚለውን፣ ታኮ ነው የቆመው። ያ 2.34ም ክልሉ ከ1.25 እስከ 4.37 ነው፣ በጣም ሰፊ ነው፣ በልጅነት የጀመራቸው ሰዎች ጥቂት ስለነበሩ።

22 ሰውኮ ነው። አስም አለብህ የተባለውም ሰዎቹ "ሀኪም ነግሮኛል" ስላሉ ነው፣ በሳንባ መለኪያ ተረጋግጦ አይደለም። ተሳታፊዎቹም ከሞላ ጎደል ነጮች ናቸው። ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፣ "ስለኔ ነው የጻፉት" ለሚለው ወንድማችን ነው።

የማታ_ሾፌር
ዳታ በላተኛ አቦ አመሰግናለሁ፣ ትንሽ ተነፈስኩ 😂 ግን ሚስቴ የምትቆጥረውን ምን ላርገው? እሷ ክልል የላትም።

ዳታ_በላተኛ
ሚስትህን ከጥናቱ በላይ እመናት። ጥናት ስለ 547 ሰው ነው፣ እሷ ስለ አንድ ሰው ነው የምታወራው፣ እሱም አንተ ነህ።

አሽዶድ_ነኝ
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ 61 አመቴ ነው፣ ሁለቱም አሉብኝ። እስራኤል የመጣሁት በ91 ነው፣ አስሙ ግን ጎንደር እያለሁ ነው የጀመረኝ፣ እናቴ በኩበት ነበር የምታበስለው እኔ ደግሞ ጭሱ ውስጥ ነበር የማጠናው። እዚህ ቁፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅቱ) አፕኒያውን ለማየት ላብ አላስተኙኝም፣ እጅ ላይ እንደ ሰአት የሚታሰር ነገር ሰጡኝ፣ ከሱ የሚወጣ አንዱ ጣት ላይ ይገባል፣ ዋች ፓት ይሉታል፣ የሚሰራውም እዚሁ ቂሳሪያ ነው። አንድ ሌሊት አስሬው አደርኩ። በሰአት 38 አሉኝ።

ሲፓፕ (በማስክ አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርገው ማሽን) ከጀመርኩ 6 አመት ሆነኝ። መጀመሪያ ማስኩን ሳየው የጦር አውሮፕላን አብራሪ መሰልኩ፣ ሁለት ሳምንት ጠላሁት፣ ቀዝቃዛው ንፋስ አስሜን ቀሰቀሰብኝ፣ ልመልሰው ነበር። ከዛ ልጄ ውሃ የሚሞቀውን ክፍል አስተካከለችልኝ፣ አየሩ ሞቅና ረጠብ ብሎ ሲመጣ ጸጥ አለ። አስም ያለባችሁ ልጆች ይሄን እንዳትረሱ፣ ያለ ማሞቂያው እንዳትሞክሩት።

የሌሊት_ቴክኒሻን
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ እረስቼው ነበር፣ በጣም ትክክል ነው። ውሃው ግን ዲስቲልድ ይሁን።

የጅዳዋ
ሰላም። እኔ ቤት ሰራተኛ ነኝ ጅዳ። አስም ኢትዮጵያ እያለሁ አልነበረብኝም እዚህ ነው የጀመረኝ በረኪና እና የሽንት ቤት አሲድ ቀላቅዬ ሳጥብ ደረቴ ይዘጋል። ማታ እየታፈንኩ እነሳለሁ አብራኝ የምትተኛ የለችም ማንኮራፋቴን ማን ይነግረኛል። ወፍራም አይደለሁም 52 ኪሎ ነኝ። አፕኒያ የወፍራም ብቻ ነው?

ዶክ_አራዳ
የጅዳዋ እህቴ፣ መጀመሪያ ዛሬውኑ፦ በረኪናና አሲድ አንድ ላይ አትቀላቅዪ፣ በጭራሽ። ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው፣ ሳንባን ያቃጥላል፣ ዝግ ሽንት ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። አንዱን ተጠቅመሽ በውሃ በደንብ ሳታጥቢ ሌላውን እንዳታፈሺ፣ መስኮት ክፈቺ። እመቤቲቱ ካልገባት "ዶክተር ከልክሎኛል" በያት፣ እኔ ከልክያለሁ።

ጥያቄሽ፣ አፕኒያ የወፍራም ብቻ አይደለም፣ አገጩ ወደ ኋላ የገባ፣ ቶንሲሉ ትልቅ የሆነ ቀጭን ሰውም ይይዘዋል። አንቺ የነገርሽኝ ግን ይበልጥ አስም ይመስላል። እንዲህ ለይው። በአስም የምትነሺ ከሆነ ከነቃሽ በኋላም ደረትሽ እንደተያዘ ይቆያል፣ ሳል አለ፣ ሲር ሲር የሚል ድምጽ አለ፣ ብዙ ግዜ ሌሊት 9 እና 10 ሰአት ላይ ይብሳል፣ ኢንሄለር ስትስቢ በደቂቃዎች ይለቃል። በአፕኒያ የሚነሳ ሰው ግን ጓ ብሎ ይነቃል፣ ሁለት ሶስቴ ሲተነፍስ አለቀ፣ ምንም ያልሆነ ይመስል መልሶ ይተኛል፣ ጠዋት አፉ ይደርቃል፣ ራሱን ያመዋል፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ ይነሳል። ማንኮራፋትሽን ለማወቅ ስልክሽን ትራስ አጠገብ አድርገሽ ድምጽ ቅጂ።

እና የማታ ሾፌር፣ ቬንቶሊኑን ስበህ መልሰህ ስትተኛ "ሰራልኝ" ያልከው ላይሰራልህ ይችላል፣ አፕኒያው በራሱ ግዜ ነው ያለፈው። ይሄን ስህተት ከታካሚ በላይ እኛ ሀኪሞች እንሰራዋለን። ማታ ታፈንኩ ሲለን አስሙ አልተቆጣጠረም ብለን መድሀኒት እንጨምራለን፣ እንደገና ሲመጣ እንደገና እንጨምራለን። ቴዎዶረስኩ ከዛ በፊት በፈረንጅ 2010 አስም ያለባቸውን 472 ሰዎች ጠይቃ ነበር፣ የአፕኒያ ምልክት የበዛባቸው ሰዎች አስማቸው በደንብ ያለመቆጣጠር እድሉ 2.87 እጥፍ ነበር። እኔ ይሄን ካነበብኩ በኋላ መድሀኒት ከመጨመሬ በፊት "ማን ነው አብሮህ የሚተኛው?" ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። አንዳንዱ ይቆጣኛል 😅

ሰላም_ለኪ
እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። የሚሳበው ስቴሮይድ ነው ጉሮሮን የሚያላላው፣ ያችው ሴትዮ ራሷ ናት ያጠናችው አሉ። ለዛ ነው አስመኞች አፕኒያ የሚይዛቸው፣ መድሀኒቱ ነው! እኔ ዛሬ ፍሉቲካሶኔን አቁሜያለሁ፣ ነጭ ሽንኩርት በማርና ዳማከሴ ይበቃኛል።

ዶክ_አራዳ
ሰላም ለኪ፣ እባክሽ አታቁሚ። ጥናቱ አለ፣ 2014 ላይ ነው፣ ግን እስከ መጨረሻው ይነበብ። 18 ሰው ብቻ ነው፣ መጠኑ በጣም ከፍተኛ ነው፣ 16 ሳምንት ሰጧቸው። በአጠቃላይ ሲታይ የጉሮሮው መላላት እንደውም ተሻሻለ። አንዳንዶቹ ላይ ግን ባሰ። ራሳቸው "ፓይለት" ብለው ነው የሰየሙት፣ ወደፊት በትልቁ ይጠና ለማለት ነው። ከዛ ተነስቶ መድሀኒት ማቆም ማለት ጎማው ትንሽ ይጮሃል ብሎ ፍሬን መፍታት ነው።

ሰው አፕኒያ ስለያዘው ዛሬ ማታ አይሞትም። ያልታከመ አስም ግን በአንድ ሌሊት ይገድላል፣ እኔ ተረኛ ሆኜ አይቼዋለሁ፣ የ24 አመት ልጅ፣ ኪሷ ውስጥ ቬንቶሊን ብቻ ነበር። ከ2019 ጀምሮ አለም አቀፉ የአስም መመሪያ ቬንቶሊን ብቻውን አይሰጥ የሚለው እኮ በዚህ ምክንያት ነው፣ ቬንቶሊን ቧንቧውን ይከፍታል እንጂ መቆጣቱን አያክምም። የምትችዪው ነገር ሀኪምሽ መጠኑን ወደሚበቃሽ ዝቅተኛ እንዲያወርደው መጠየቅ፣ ከሳብሽ በኋላ አፍሽን መጉመጥመጥ። ዳማከሴውን ከወደድሽው ጠጪው፣ ከኢንሄለሩ ጋ አይጣሉም።

ሰላም_ለኪ
እሺ ዶክተርዬ፣ ተቆጡኝ 🙈 መልሼ ጀምሬያለሁ። ግን ለምን ፋርማሲው እንዲህ አድርጎ አያስረዳም።

ሲር_ሲር
ዶክ ስለ ዕጣንስ? አማቴ ቡና ካፈላች ቤቱ አይታይም፣ ባሌ ያን ለት ማታ ማንኮራፋቱ ይብሳል። ልናገር ብል ቤተሰብ ይፈርሳል።

ዶክ_አራዳ
ዕጣን ጭስ ነው፣ አስመኛ ላይ ጭስ ጭስ ነው፣ የቤተክርስቲያን ይሁን የቡና ሳንባው አይለይም። አፍንጫው ይቆጣል ማታ ይታፈናል። አማትሽን አትናገሪ፣ ባልሽን በረንዳ ላይ አስቀምጪው። ቡናው ግን ይውረድለት፣ ካፌይን ቧንቧን ለትንሽ ሰአት በመጠኑ ይከፍታል፣ ከሰአት በኋላ ካልሆነ።

ሎንግ_ሆል
የማታ ሾፌር፣ እኔም ሾፌር ነኝ፣ 11 አመት ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ይዣለሁ። አፕኒያ ተገኘብህ ማለት ፈቃድህ ተነጠቀ ማለት አይደለም፣ ሀበሻው ሁሉ ይሄን ወሬ ነው የሚያወራው። ፌደራሉ ሾፌር ሁሉ ይመርመር የሚል ህግ ጀምረው ነበር 2017 ላይ ተዉት። ስለዚህ የዲኦቲ (የትራንስፖርት መስሪያ ቤቱ) የሾፌር ምርመራ ሀኪሙ በራሱ አይን ነው የሚወስነው፣ አንገትህ ወፍራም ነው ካለ ሊልክህ ይችላል። ሲፓፕ ካደረግክና ማሽኑ ላይ መጠቀምህ ከታየ ይፈርሙልሃል፣ ብዙ ግዜ በ2 አመት ፋንታ የ1 አመት ካርድ ይሰጡሃል፣ በቃ። ማሽኑ ሞደም አለው ሰአት ይቆጥራል፣ በሌሊት 4 ሰአት፣ ከ10 ሌሊት 7ቱን፣ እሱን ነው የሚያዩት። ትራክ ውስጥ በዲሲ ኬብል ይሰራል። አሁን ሳትመረመር የምትነዳው ነው የሚያስፈራው ወንድሜ። እኔ ሳልታከም በፊት ካንሳስ ላይ አንድ ለሊት 40 ማይል እንዴት እንደነዳሁ ዛሬም አላስታውስም።

የማታ_ሾፌር
40 ማይሉን ሳነብ ዝም አልኩ። እኔም አለኝ የዛ አይነት፣ ለሚስቴ አልነገርኳትም። እሺ በዚህ ሳምንት ምርመራውን አደርጋለሁ።

የሌሊት_ቴክኒሻን
አንድ ነገር ልጨምር ለጥቁር ሰዎች በተለይ። ቤት የሚሰጡት መሳሪያ ጣት ላይ በሚቆነጥጥ መብራት ነው ኦክስጅን የሚለካው። 2020 መጨረሻ ላይ ሚሺጋን ያሉ ሀኪሞች አሳትመውታል፣ መሳሪያው ደህና ነው እያለ ደማቸው ውስጥ ሲለካ ግን ኦክስጅን የጎደላቸው ሰዎች፣ ጥቁሮቹ ላይ 11.7 ፐርሰንት ነጮቹ ላይ 3.6 ፐርሰንት። ያ ሆስፒታል የተኙ ህሙማን ላይ ነው፣ የእንቅልፍ ምርመራ አይደለም፣ ግን መሳሪያው ያው ነው። ስለዚህ የቤት ምርመራው "ምንም የለብህም" ካለህና ሚስትህ አሁንም ከቆጠረች ላብ ውስጥ ይደገም በል። ጥፍር ቀለም ያላችሁ ሴቶችም አንዱን ጣት አጽዱ።

ዳታ_በላተኛ
ይሄን አላውቅም ነበር፣ ጥሩ ነጥብ። ለሲፓፕ አፍቃሪዎች ደግሞ አንድ ነገር፦ አስም ስላለብኝ ብቻ ማሽኑን ልጀምር እንዳትሉ። 2016 ላይ አሜሪካ ውስጥ ወደ 200 የሚጠጉ፣ አፕኒያ የሌለባቸው አስመኞች ላይ ተሞክሮ ለማወዳደሪያ ከተሰጠው የውሸት ማሽን የተሻለ ነገር አላመጣም። ለአፕኒያው ነው ማሽኑ የተሰራው። መጀመሪያ የሰራው ኮሊን ሱሊቫን የሚባል የሲድኒ ሀኪም በ1981 ነው ያሳተመው፣ የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ሞተር ከቫኪውም ክሊነር የተወሰደ ነበር፣ ጋሼ የጦር አብራሪ መሰልኩ ሲሉ ያ ትዝ አለኝ።

አሽዶድ_ነኝ
ቫኪውም ክሊነር! ባለቤቴ ዝም ብላ አይደለም ለካ "ያ መጥረጊያህን ዝጋው" የምትለኝ።

የማታ_ሾፌር
ሶስት ሳምንት ጠፋሁ ይቅርታ። ውጤት መጣ፣ 34 ነው፣ ከባድ አሉኝ። ኦክስጅኑ 79 ድረስ ወርዷል። ማሽኑ ከመጣ ዛሬ 9 ሌሊት ሆነኝ። ጋሼ እንዳሉት ማሞቂያውን ከመጀመሪያው ቀን ነው ያበራሁት። 4 ሰአቱን ሁለት ሌሊት አልሞላሁም፣ ማስኩን በእንቅልፌ አውልቄ ጥዬው አገኘሁት። ሌላው ጥሩ ነው። ቬንቶሊን ማታ የሳብኩት በ9 ቀን አንዴ ብቻ ነው፣ ድሮ በየሌሊቱ ነበር። ግን ዳታ በላተኛ ሳትለኝ ራሴ ልበለው፣ 9 ሌሊት ነው፣ አንድ ሰው ነው 😂

ዲኦቲው ለ1 አመት ፈረመልኝ። ሎንግ ሆል ባለህበት ቡና አለብህ ከኔ። ሀኪሙ ስለ ክብደቴ ቲርዜፓታይድ የሚባለውን መርፌ አንስቶልኝ ነበር፣ 2024 ዲሴምበር ላይ ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የመድሀኒት ተቆጣጣሪው) ውፍረት ላለባቸው የአፕኒያ ሰዎች ፈቅዶታል አለኝ፣ ኢንሹራንሴ ምን እንደሚል እየጠበቅኩ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። እናቴ። 66 አመቷ ነው፣ እሷም አስም አለባት፣ እኔ ከሷ ነው የወረስኩት። እኔን ዱካክ ነው ስትለኝ የነበረችው ሴት፣ እህቴ አንድ ሌሊት ስልክ አጠገቧ አድርጋ ቀዳችልኝ፣ ሰምቼው እንባዬ መጣ። ያው የኔ ድምጽ ነው። አዲስ አበባ እህቴ ጋ ናት አሁን። የት ትመርመር ዶክ?

ዶክ_አራዳ
እንኳን ደስ ያለህ ለምርመራውም ለማሽኑም። ለእናትህ፣ ሙሉ የሌሊት ምርመራ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፣ እውነቱን ልንገርህ። የሳንባ ስፔሻሊስት ግን አሁን አለ፣ ጥቁር አንበሳ የሳንባ ፌሎሺፕ ስልጠናው የጀመረው በፈረንጅ 2013 ነው፣ ከዛ ወዲህ ቁጥራቸው እየጨመረ ነው። ከነሱ አንዱ ጋ ይዛቸው እህትህ ትሂድ። ከመሄዳቸው በፊት እነዚህን 8 ጥያቄዎች ትመልስ፣ በሩ ተዘግቶ ውጭ እስኪሰማ ያንኮራፋሉ ወይ፣ ቀን ይደክማቸዋል ወይ፣ ትንፋሽ ሲያቆሙ ያየ አለ ወይ፣ ደም ግፊት አለ ወይ፣ በጣም ወፍራም ናቸው ወይ፣ ከ50 በላይ ናቸው ወይ፣ አንገታቸው ከ40 ሳንቲም በላይ ነው ወይ፣ ወንድ ናቸው ወይ። ሶስት አዎ ካለ ይመርመሩ፣ አምስትና ከዛ በላይ ከሆነ አደጋው ከፍተኛ ነው። የመጨረሻው ቀርቶላቸዋል።

ዕጣንና የከሰል ጭሱን ነገር ለእህትህ ንገራት። ፕሬድኒሶሎን ኪኒን ቤት ውስጥ አስቀምጠው ሲብስባቸው ራሳቸው እየዋጡ ከሆነም ይንገሩን፣ ፊት የሚያሳብጠውና ክብደት የሚጨምረው እሱ ነው፣ የሚሳበው አይደለም።

የማታ_ሾፌር
እየዋጠች ነው ዶክ። "ቢጫዋ ኪኒን ነች የምታድነኝ" ነው የምትለው። 8ቱን ጠየቅናት፣ 5 አዎ። ሄዳለች፣ ሀኪሙ በድምጹና በነዚህ ተነስቶ ለጥቂት ሌሊት በሚለበስ መሳሪያ አይቷታል፣ አለባት። ማሽን እኔ ነኝ የማመጣላት፣ ለገና እገባለሁ። ሶስት ጥያቄ አለኝ፣ መብራት 220 ነው ያቃጥለዋል? ዲስቲልድ ውሃ የት ይገኛል? መብራት ሲጠፋስ?

ሎንግ_ሆል
ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ካለ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው የሚያስፈልግህ፣ ብዙዎቹ እንደዛ ናቸው። መብራት ሲጠፋ ባትሪ ግዛ፣ ግን ውሃ ማሞቂያው ባትሪውን ይበላዋል፣ በባትሪ ቀን እሱን ዝጉት። ኬብሉን ስትገዛ ቮልቱን እይ፣ የኔ 24 ይላል መኪና ባትሪ ደግሞ 12 ነው፣ መቀየሪያ ያለው ግዛ።

የሌሊት_ቴክኒሻን
ውሃውን በተመለከተ ነዳጅ ማደያ የሚሸጠውን የመኪና ባትሪ ውሃ እንዳታስገቡ አደራ፣ አንዳንዱ አሲድ ያለበት ነው፣ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው አይታመንም። ፋርማሲ ጠይቁ፣ ከጠፋ ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዛችሁ በየቀኑ ቀይሩት፣ እቃው ላይ ነጭ ነገር ይሰራል በኮምጣጤ ታጥቡታላችሁ።

የማታ_ሾፌር
እሺ። አንድ የመጨረሻ። ማኑዋሉን ሳነብ "እስከ 2,591 ሜትር ከፍታ" ይላል። አዲስ አበባ 2,400 ምናምን ነው አይደል፣ ያልፋል። እናቴ ግን ለጥምቀት ደብረ ብርሃን ካልሄድኩ ብላ ይዛኛለች፣ ደብረ ብርሃን ከ2,700 በላይ ነው። ምን ላርግ?

ዶክ_አራዳ
ይሄን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ከደብረ ብርሃን ብቻ ነው የሚመጣው 😄 ማሽኑ ይሰራል፣ ግን ከዛ ከፍታ በላይ የሚገፋው አየር በትክክል ስለመለካቱ አምራቹ ዋስትና አልሰጠም ማለት ነው። ለሶስት አራት ቀን ከሆነ ያለማሽን ከሚያድሩ በማሽኑ ይደሩ፣ ጠዋት ጠዋት ስክሪኑ ላይ ያለውን፣ ትንፋሽ በሰአት ስንቴ እንደቆመ የሚያሳየውን ቁጥር እህትህ ትመዝግብና ከአዲስ አበባው ጋ ታስተያየው። ከበዛ ደውሉልኝ። ብርድ ስለሆነ የሚሳበውን አንድ ቀን እንዳያሳልፉ፣ ቢጫዋን ኪኒን ደግሞ ከቦርሳዋ አውጡባት።

ሲር_ሲር
ባሌ ይሄን ሙሉ ክር ጮክ ብዬ ሳነብለት እንቅልፍ ወሰደው። እየቆጠርኩ ነው።